አንዱ ባጠፋ ስንቱ ይከሰሳል?

በጁላይ 2013 ሳዑዲ ዓረቢያ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን መቀበል ለጊዜው አቆመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ሕፃናትን ገድለዋል ተብለው የተጠረጠሩ ሠራተኞች ዜና ነበር። ወንጀሉ ዘግናኝ ነው፤ ልጁን ያጣ ወላጅ ፊት ቆሞ ስለ አኃዝ ማውራት አይቻልም፣ አይገባምም። ሆኖም ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት የተጠርጣሪዋ ስም፣ ዕድሜዋ፣ የነበረችበት ሁኔታ ሁሉ በየመንገዱ እየተራገፈ ቀረ፤ ዜግነቷ ብቻ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ክሱ የአንዲት ሴት አልነበረም። ሻንጣዋን ይዛ አውሮፕላን የምትጠብቀውም፣ ለዓመታት የሰው ልጅ አቅፋ ያሳደገችውም፣ ገና ወሎ ሆና ፓስፖርት የምታወጣውም አብረው ተከሰሱ።

ቁጥሩን እንየው። በዚያው ዓመት ከኖቬምበር ጀምሮ ሳዑዲ ባካሄደችው የማባረር ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ናቸው። ሁሉም የቤት ሠራተኞች አልነበሩም፤ የቀን ሠራተኛውም እረኛውም አለበት። የሕዝቡን ብዛት ለመገመት ግን ይበቃል። እንግዲህ በነፍስ ግድያ የተጠረጠሩት ዐሥር ነበሩ ብለን አብዝተን ብንቆጥር እንኳ ከ16 ሺህ ሰው አንድ ማለት ነው። የቀሩት 15,999 ሰዎች ልጅ አጥበው፣ ምንጣፍ ጠርገው፣ ደመወዛቸውን ለቤተሰብ ልከው ነው የዋሉት። ስለ እነሱ ዜና አልተሠራም። ሊሠራም አይችልም፤ «ዛሬም ማንም ማንንም አልገደለም» ብሎ የሚከፈት የምሽት ዜና የለም።

የኛ ወገን መልስም ሩቅ አልሄደም። በኖቬምበር 2013 በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ኢትዮጵያውያን ሲደበደቡና ሲገደሉ፣ ዋሽንግተንና ለንደን ባሉት የሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ሰልፍ ተወጣ። ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ከሰልፉ ጎን ለጎን ግን በየቡና ቤቱና በየፌስቡኩ «ዐረብ ሲባል እንዲህ ነው» የሚለው ንግግር ነገሠ። ስልቱ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። የደበደቡትን ሰዎች፣ ዝም ብሎ ያየውን ፖሊስ፣ ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረውን የከፋላ ሥርዓት ለይቶ መክሰስ ሲቻል፣ ክሱ በመቶ ሚሊዮኖች ላይ ተበተነ። እንዲህ የተበተነ ክስ ደግሞ ማንንም አይነካም። ደብዳቢውም ከሕዝቡ መሀል ተሸሽጎ ያመልጣል።

ዐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። የአንድ ሰው ጥፋት ስለዚያ ሰው ይመሰክራል፤ ቀጥሎም ጥፋቱን ስላመቻቸው ሁኔታ ይመሰክራል። ስለ ዘሩ አይመሰክርም። ይህን የምለው ደግነት እንድናሳይ ብቻ አይደለም። ዘርን ምክንያት አድርጎ የያዘ ሰው እውነተኛውን ምክንያት ስለሚያጣ፣ ራሱንም ቤቱንም መጠበቅ ያቅተዋል።

አእምሯችን እንዴት እንደሚሳሳት በንጹሕ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሃሚልተንና ሮበርት ጊፎርድ በ1976 ያሳተሙት ነው። ተሳታፊዎቹ 39 ዐረፍተ ነገሮችን አንድ በአንድ ያነባሉ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ሰው ያደረገውን ነገር ይናገራል፤ ሰውየው ደግሞ ወይ የ«ሀ» ወይ የ«ለ» ቡድን አባል ነው። ቡድኖቹ ዘር፣ ሃይማኖት፣ አገር የላቸውም፤ ፊደል ብቻ ናቸው። 26ቱ ዐረፍተ ነገሮች ስለ «ሀ» ሲሆኑ 18ቱ በጎ፣ 8ቱ ክፉ ድርጊት ናቸው። 13ቱ ስለ «ለ» ናቸው፤ 9 በጎ፣ 4 ክፉ። አካፍሉት፦ በሁለቱም ቡድን ክፉው 31 ከመቶ ያህል ነው፤ ልዩነት የለም። ንባቡ ካለቀ በኋላ ተሳታፊዎቹ ሲጠየቁ ግን ትንሹን ቡድን ዝቅ አድርገው ገመቱት፤ «ለ»ዎች ያላደረጉትን ክፋት ሁሉ ጨመሩላቸው።

ለምን ቢሉ፣ በንባቡ ውስጥ «ለ» ብርቅ ነው፤ ክፉ ድርጊትም ብርቅ ነው። ሁለት ብርቅ ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙ ዐይን ይስባሉ፣ በትዝታ ውስጥም ከቁጥራቸው በላይ ቦታ ይይዛሉ። ጥላቻ አልነበረም፣ የጥንት ቂም አልነበረም፣ ክፉ አስተማሪ አልነበረም፤ ቁጥሩ ማነሱ ብቻ በቃ። አሁን ይህን ወደ ስቶክሆልም፣ ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ወደ ኩዌት ውሰዱት። በአንድ ከተማ ጥቂት የሆነ ሕዝብ ሁሉ የ«ለ» ቡድን ነው። ከመቶ ነባር ነዋሪ አንዱ ቢሰርቅ ሌባ ተያዘ ይባላል፤ ከመቶ መጤ አንዱ ቢሰርቅ ግን ከነአገሩ ይታወሳል።

የብዙኃኑ ሰው ሲያጠፋ የሚሆነውን ለማየት ኦክላሆማ ሲቲን ማስታወስ ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1995 የፌዴራል መንግሥቱ ሕንፃ በቦምብ ፈርሶ 168 ሰዎች ሞቱ፤ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየቴሌቪዥኑ ጣት የተቀሰረው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ነው። ገዳዩ ቲሞቲ ማክቬይ ግን ነጭ አሜሪካዊ፣ የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ፍንዳታው በደረሰ በሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ሰሌዳ በሌለው መኪና ሲሄድ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞት በእጅ ይዞታል። ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ንግግሩ ሁሉ ስለ እሱ ሆነ፦ ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ ጦር ሜዳ ትዝታው፣ ስለ ፖለቲካ ቂሙ። ነጭ ወንዶችን ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለይተን እንፈትሽ ያለ አልተሰማም። ትክክልም ነበር! ለማክቬይ የተደረገው ለሁሉም ይገባል። ቅር የሚያሰኘው ይህ መብት እንደ ቆዳ ቀለም መታደሉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቶማስ ፔቲግሩ በ1979 እንደጻፈው፣ ከማንወደው ወገን የሆነ ሰው ክፉ ሲሠራ «ተፈጥሯቸው ነው» እንላለን፤ በጎ ሲሠራ ግን «ዕድል ነው»፣ «ይህ ልዩ ነው» ብለን እናልፋለን። በውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ «አንተ እንደነሱ አይደለህም» የሚለውን ምስጋና መሰል ስድብ ያውቀዋል። ስለዚህ ጭፍን ጥላቻን በጥሩ ሰዎች ብዛት መርታት ይቸግራል። ክፉው እንደ ደንብ፣ ደጉ እንደ ልዩ ሁኔታ በሚመዘገብበት መዝገብ ሺህ ደግ ሰው ቢመጣ ድምሩ አይለወጥም። «እኛ ጨዋ ሆነን ስማችንን እናስመልስ» የሚለው የማኅበረሰብ ስብከት የሚያሳዝነኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ጨዋነት መልካም ነው፤ ይህንን መዝገብ ግን አይፍቀውም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ቦስተን በ1989 በግልጽ አይታለች። ኦክቶበር 23 ማታ ቻርልስ ስቱዋርት የተባለ ነጭ የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ከመኪናው ሆኖ ወደ ፖሊስ ደወለ፤ የስፖርት ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው እኔንም ነፍሰ ጡር ሚስቴንም በጥይት መታን አለ። ሚስቱ ሞተች፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደው ሕፃንም ከ17 ቀን በላይ አልቆየም። ፖሊስ ጥቁሮች በብዛት የሚኖሩበትን ሚሽን ሂል የተባለውን ሰፈር ወረረ፤ ወጣቶች በየመንገዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ተበረበሩ፤ ሁለት ጥቁር ወንዶች ተራ በተራ በተጠርጣሪነት ስማቸው ጠፋ። በጃንዋሪ 1990 መጀመሪያ የስቱዋርት ወንድም ቀርቦ እውነቱን ተናገረ፤ ገዳዩ ራሱ ባልየው ነበር። በማግስቱ ስቱዋርት ከቶቢን ድልድይ ዘሎ ሞተ። የከተማዋ ከንቲባ ሚሼል ዉ ለሁለቱ ተጠርጣሪዎች በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2023 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለ ግፉ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሙያዊው ጎኑ ነው። ሚስት ስትገደል መርማሪ አስቀድሞ ባልን ይጠይቃል፤ ይህ የሙያው ሀሁ ነው። የሕይወት ዋስትና ነበራት ወይ? ትዳሩ እንዴት ነበር? በባልየው ቁስልና በተኩሱ አቅጣጫ መካከል ስምምነት አለ? ጭፍን እምነቱ እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ኋላ ገፋቸው። ስቱዋርት ብልጥ ውሸት አልፈጠረም፤ ከተማው አስቀድሞ ያመነውን መልሶ ነገረው። ስለ አንድ ዘር የተዘጋጀ ክስ ባለበት አገር ውሸታም ሰው ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። የአንድ ሰው ጥፋት ማስረጃ አይሆንም ብለን ከተስማማን በኋላ፣ «እሺ፣ ቁጥሩ ራሱ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከፍ ያለ ቢሆንስ?» የሚል ይመጣል። ቀልድ አይደለም፤ በደንብ መመለስ አለበት።

በእስራኤል በጃንዋሪ 1996 የሆነው ለዚህ ይጠቅማል። የደም ባንኩን የሚያስተዳድረው ማገን ዳቪድ አዶም ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ለዓመታት ሲቀበል ቆይቶ በምስጢር ሲደፋው እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ዐሥር ሺህ ያህል ሰዎች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰቡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። የባለሥልጣናቱ መከራከሪያ ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል የኤችአይቪ ሥርጭት ከፍ ይላል የሚል ነበር።

መከራከሪያው ላይ ሙያዊ እውነት አለበት። የደም ምርመራ፣ ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላያገኘው ይችላል፤ ስለዚህ ደም ባንኮች ከምርመራው በተጨማሪ ለጋሹን በጥያቄ ያጣራሉ። ግን ምን ተብሎ ነው የሚጠየቀው? በቅርብ ወራት አዲስ የወሲብ ጓደኛ ነበረህ ወይ፣ መርፌ ተጋርተሃል ወይ፣ ደም ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ፣ የት አገር ስንት ጊዜ ቆየህ? እነዚህ የግለሰብ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከሰው ሰው ይለያል። በአምስት ዓመቷ የመጣች፣ እስራኤል አድጋ በሠራዊቱ ያገለገለች ልጅ ደም ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ መጻፍ ግን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ መልሱን መሙላት ነው። ምስጢሩ ደግሞ ነገሩን ያባሰዋል። ለጋሿ እጇን ዘርግታ፣ ብስኩቷን በልታ፣ ሕይወት አዳንኩ ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ስሌቱንም በምሳሌ እናስላው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከሺህ አንድ ሰው፣ በሌላው ከሺህ ሦስት ሰው አንድ ችግር አለበት እንበል። «ሦስት እጥፍ!» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ልክም ነው። ግን ከሁለተኛው ሕዝብ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ እንደ ችግረኛ ብትይዝ ከሺህ ጊዜ 997 ጊዜ ተሳስተሃል። ከአንደኛው ያገኘኸውን ሁሉ ዘና ብለህ ብታሳልፍ ደግሞ ያ አንዱ ያመልጥሃል። ለጤና ቢሮ የት ክሊኒክ እንደሚከፍት ለመወሰን የሕዝብ አማካይ ይረዳዋል። ፊትህ ስለቆመው ሰው ግን አማካዩ የሚነግርህ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሁለት ጥሩ ጥያቄ ከዚያ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ ያው የቤተ እስራኤል ሕዝብ በጎንደር ዙሪያ ሳለ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበር፤ ጎረቤቱም «ቡዳ ነው» ይለው ነበር። ልጅ ሲታመም ማን አለፈ ተብሎ ይጠየቃል፤ ባለጅ አልፎ ከተገኘ ነገሩ ያልቃል። ቀጥቃጩ ያልፋል፣ ልጁ በወባ ይታመማል፤ ቀጥቃጩ ያለፈባቸው፣ ልጁም ደኅና የሆነባቸው መቶ ቀናት አይቆጠሩም። ማረሻውን ግን ሁሉም ከእሱ ይገዛ ነበር። የዘር መድሎ በውጭ አገር ብቻ የሚደርስብን ነገር አድርገን ስናወራ ይህን እየዘለልን ነው።

ባህላችን የጋራ ዕዳን አደጋ የማያውቅ አልነበረም። ደም መመለስ ባለበት አገር ሟች ወገን የሚፈልገው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ ወንድሙ፣ ያጎቱ ልጅ፣ ከዘሩ የተሻለው ሰው ሁሉ ደመኛ ነው። ውጤቱን ሽማግሌዎች ስላዩት ነው እርቅና ካሳ የተበጀው፤ ገዳዩ ይለያል፣ ይናዘዛል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላ ይገባል፣ ከዚያ የቀረው ዘመድ በሰላም ገበያ ይወጣል። ካሳውን ዘመድ አዋጥቶ ሊከፍል ይችላል፤ ጥፋተኛው ግን ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ስለ ተጎዱ ሰዎች ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በአንድ ሰው ክፉኛ የተበደለ ሰው ያንን ሰው የሚመስል ሁሉ ቢያስደነግጠው ዘረኛ ማለት ጭካኔ ነው። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በ1920 በአንድ ሕፃን ላይ ባደረጉት (ዛሬ ቢሆን በማይፈቀድ) ሙከራ፣ ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር ከኋላው ብረት እየመቱ አስደነገጡት፤ ሕፃኑ አይጡን ብቻ ሳይሆን ጥንቸሉንም፣ ውሻውንም፣ የፀጉር ካፖርቱንም መፍራት ጀመረ። ፍርሃት የሚዛመተው በመልክ ነው። ብረቱን የሚመታው ሰው ግን ከኋላ ነበር፤ ሕፃኑ አላየውም።

ለተጎዳ ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ እንግዲህ «ብረቱን የመታው ምን ነበር?» የሚለው ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ተበድላ የተመለሰች እኅት ለታናሿ «ዐረብ አትመኚ» ብላ ብትመክራት፣ ታናሿ መሄዷ ካልቀረ ምክሩ ምንም አይረዳትም፤ የሚቀጥሯት ሁሉ ዐረቦች ናቸውና። አደጋን ቀድመው የሚናገሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ በሕጋዊ ኤጀንሲ ሳይሆን በደላላ መሄድ፣ እዚህ የፈረመችው ውል እዚያ ስትደርስ በሌላ ቋንቋ መለወጡ፣ ፓስፖርቷ በመጀመሪያው ቀን መወሰዱ፣ ስልኳ መነጠቁ፣ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ «ይጠራቀምልሽ» መባሉ፣ ብቻዋን ከበር መውጣት መከልከሏ። ፓስፖርቷ ሲወሰድ፣ ከመሄዷ በፊት ቅጂውን ለሁለት ሰው ትታ ከሆነ የምትሄድበት አላት። ደመወዟ በመጀመሪያው ወር ሲቀር በሁለተኛው ሳይሆን ያኔውኑ ለኤጀንሲው ካሳወቀች ማስረጃዋ ትኩስ ነው። እነዚህ ምልክቶች ደግ አሠሪንም ከክፉው ይለዩላታል።

በመንግሥት ደረጃም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2013 ጉዞውን በጅምላ ስታግድ ሰው መሄዱን አልተወም፤ ውል ሳይኖረው፣ በጅቡቲ ወደብ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ሆነ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 (ይህኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ከተቀባይ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት መኖሩን፣ ተጓዡ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቁንና የሥልጠና ማረጋገጫ መያዙን ጠየቀ። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ግን ዜግነትን ሳይሆን ሁኔታን ይዞ ነው የተነሳው።

ሰው የሚቀጥር ወይም ቤት የሚያከራይ ሰውም በአንድ ተከራይ ከተቃጠለ በኋላ «ከእነዚያ ሰዎች ወዲያ አላከራይም» ይላል። የከሰረው ግን ውሉን በቃል ስላደረገ፣ የቤቱን ሁኔታ ፎቶ ስላላነሳ፣ ቅድሚያ ክፍያ ስላልያዘ፣ የቀድሞ አከራዩን ደውሎ ስላልጠየቀ ነው። የቀድሞውን አከራይ ስትጠይቁ «ጥሩ ሰው ነው?» አትበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ኪራይ ስንት ጊዜ ዘገየ? ሲወጣ ምን ተበላሽቶ ተገኘ? ዛሬ ቢመጣ መልሰህ ታከራየዋለህ?» በሉ። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሚመጣው ዝምታ ብዙ ይናገራል። እነዚህን ያላደረገ አከራይ ዘር ቢቀይር የሚያገኘው ያንኑ ኪሳራ ነው።

ዜና የሚጽፍ፣ አሁን ደግሞ ስልክ ያለው ሁሉ ስለሚጽፍ፣ የጀርመን የፕሬስ ምክር ቤት መመሪያ 12.1 ይጠቅመዋል። በ2017 የተሻሻለው ድንጋጌ የተጠርጣሪን ዘር ወይም ሃይማኖት ለመጥቀስ በቂ የሆነ የሕዝብ ጥቅም ምክንያት መኖር አለበት ይላል፤ ለማወቅ መጓጓት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በተግባር መፈተሻው ቀላል ነው፦ ዜግነቱን ከርዕሱ አውጡና አንብቡት። ዜናው ትርጉም ካጣ ይመለስ፤ ካላጣ ይቅር። ያመለጠ ተጠርጣሪ ሲፈለግ መልክ መናገር ግድ ነው፤ ያኔም ቁመት፣ ዕድሜ፣ ልብስ፣ ጠባሳ፣ የሄደበት አቅጣጫ ይነገር። «ጥቁር ወንድ» ብቻ ከተባለ ግን ማንም አይያዝበትም፤ ሁሉም ይጠረጠርበታል።

በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ አጎት እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲለጥፉ ደግሞ «ዘረኛ ነዎት» ማለት አያዋጣም፤ ታላቅ ሰው በልጆቹ ፊት ከተዋረደ ክብሩን እንጂ ሐሳቡን አይመረምርም። «ጋሼ፣ ይሄ መቼና የት የተቀረጸ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ቪዲዮው የቆየ ወይም የሌላ አገር ሆኖ ይገኛል። እውነት ሆኖ ከተገኘም «ሰውየው ተያዘ ወይ?» ይባል፤ ወሬው ከሕዝቡ ወርዶ ወደ ሰውየው ይመለሳል። አጎት ካልተመለሱ በግል መደወል ነው፤ ግሩፑ ላይ መከራከሩን መተው።